አስቸኳይ፦ የሠርቶ ማሳያው ባዮጋዝ ነገ ጎብኚ ሊመጣበት ዛሬ ጠፋ

ጥያቄ (ተሁለደሬ)፦ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በአንድ አርሶ አደር ጓሮ ያሠራነው፣ ከእበት የምድጃ ጋዝ የሚያወጣ ባለ 6 ሜትር ኩብ ባዮጋዝ ሰሞኑን እየደከመ ቆይቶ፣ ዛሬ ጠዋት አቦሉን አፍልቶ ቶናው ላይ ጠፋ። ነገ የሰፈሩ አባወራዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ኩበትና እንጨት ማንደዱን ትተው የአየር ብክለቱን እንዲቀንሱ ስንመክር ፈቃደኛ ያልሆኑ ሰዎች፣ ምድጃው ጠፍቶ ካዩት ጨርሶ አይመለሱም። ምን ላድርግ?

ከኮምቦልቻ፦ ቧንቧው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ይሆናል፤ በማስወጫው በኩል ያፍሱት።

ከደሴ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ የባዮጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሜቴን በ100 ዓመት ስሌት ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ በመሆኑ፣ ማብላያው (እበቱ የሚብላላበት ጉድጓድ) ጋዝ የሚያፈስ ከሆነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊያመዝን እንደሚችል ነው። መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀብተው ይፈትሹ፤ በክብሪት መፈተሽ ግን አደገኛ ነው።

ከሐይቅ፦ ውሃውን ያፍሱት። እኛንም ያስቸገረን ያው ነበር።

ከኩታበር፦ በጥያቄው መነሻ አልስማማም። ዛፍ በራቀበት ደጋ ኩበት ማገዶም ገበያም ስለሆነ፣ እበቱን ለጉድጓድ የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚያጣ አስልቶ ነው የሚያመነታው። በየቀኑ ከእበቱ እኩል ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃውን የምትቀዳው ሚስቱ ሆና ሳለ እናንተ ፈቃድ የምትጠይቁት አባወራውን ነው።

ከወረኢሉ፦ እኔ ማብላያው ጾም የያዘ ይመስለኛል። አጨዳው አልቆ ከብቶቹ ቃርሚያ ላይ ሲውሉ፣ እበታቸውንም እዚያው ጥለውት ይገባሉ። በረት ውስጥ የሚያድረው ብቻ ለዚህ ጉድጓድ ቁርስ እንጂ ምሳ አይሆነውም! የታኅሣሥ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ መብላላቱም ይዘገያል።

ጠያቂ፦ ውሃውን አፍስሻለሁ፣ ብዙም አልወጣም። ከብቶቹስ እውነት ነው፣ ከተለቀቁ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ይህን መጻፍ ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከኮምቦልቻ፦ የውሃ ማስወጫውን በደንብ ከፍተውታል?

ከወረኢሉ፦ እንግዲህ በአንድ ሌሊት አያገግምም። ሆኖም አሁኑኑ ዋናውን ቫልቭ ዘግታችሁ ብታሳድሩት ለአንድ ጀበና የሚሆን ጋዝ ሊጠራቀም ይችላል። ከነገ ወዲያ ከብቶቹ በከፊልም ቢሆን ታስረው ገለባ ይቅረብላቸው፤ ካልሆነ ከግጦሽ ቦታው እበት እየለቀሙ በየቀኑ ወደ 40 ኪሎ ግራም ማስገባት ይጠበቅባችኋል።

ከኩታበር፦ ያንን እበት የምትለቅመውስ ማን ናት?