የብርቱካን ማሳ የውኃ መሳቢያ ወጪ

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ያለኝን ግማሽ ሄክታር ብርቱካን ከሮቢ ወንዝ በናፍጣ ፓምፕ እየሳብኩ አጠጣለሁ፤ የነዳጁ ወጪ ትርፉን እየበላብኝ ስለ መጣ ወደ ፀሐይ ኃይል ፓምፕ ብዞር ያዋጣኝ እንደሆነ ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ፓምፑን ከመቀየርዎ በፊት ብክነቱን ይፈትሹ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ በስሌት 27 ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ከሞተሩ ድካም ሌላ በጠባብ ቱቦና በሚያፈስ መጋጠሚያ የሚጠፋ ነው። እኔ የመሳቢያውን ወንፊት ከደለል ባጸዳሁበት ቀን የሞተሩ ድምፅ ራሱ ተለወጠ።

መልስ 2፦ የፀሐይ ፓምፕ ነዳጅ ባይጠይቅም ጠዋትና ማታ ስለሚደክም ቀን የሚሞላ ገንዳ ያስፈልግዎታል። ውኃውንም ግንዱን እንዳይነካ፣ በቅርንጫፉ ጥላ ዳር በተቆፈረ ቀለበት ያጠጡ፤ አለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል።

ጠያቂው፦ ወንፊቱን ነገ አያለሁ።