«እስማማለሁ» ከተጫነ በኋላ ከአርቢትሬሽን አንቀጽ መውጣት ይቻላል?

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በዋሽንግተን አካባቢ ለኡበር፣ ለሊፍትና ለምግብ አድራሽ ኩባንያዎች የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት መተግበሪያውን ሲከፍቱ አዲስ ውል ይመጣባቸዋል፤ «እስማማለሁ» ካላሉ ሥራ የለም። ውሉ ውስጥ አርቢትሬሽን (ክርክርን ከፍርድ ቤት ውጭ በግል ገላጋይ መጨረስ) የሚል ረጅም አንቀጽ አለ፤ ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤት መሄድም፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ መክሰስም አይቻልም ይላል። ይህ ነገር ሹፌሩን በተግባር ምን ያሳጣዋል? አንዴ ከተጫነ በኋላስ መውጫ አለው?

የውል_ነገር፦
ብዙ ያሳጣዋል ወንድሜ። በቁጥር ላሳይህ። አንድ ኩባንያ ከእያንዳንዱ ሹፌር በሳምንት 6 ዶላር አላግባብ ቢቆርጥ፣ ሹፌሩ በዓመት የሚያጣው 312 ዶላር ነው። ለ312 ዶላር ብሎ ጉዳዩን የሚይዝ ጠበቃ አይገኝም። ሹፌሮቹ 10,000 ቢሆኑ ግን ኩባንያው በዓመት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስዷል ማለት ነው። ይህን ገንዘብ የሚያስመልሰው የቡድን ክስ ነበር፤ በአንድ መዝገብ የሁሉም ጉዳይ ይታያል። አንቀጹ የተጻፈው ያንን ለመበተን ነው። ዳኛ ወይስ ገላጋይ የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ ዋናው ጉዳት ሰው ለየብቻው እንዲቆም መደረጉ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 በደንበኞች ጉዳይ፣ በ2018 ደግሞ በሠራተኞች ጉዳይ (ኤፒክ ሲስተምስ የሚባለው መዝገብ) እንዲህ ያለው ክልከላ ይጸናል ብሎ ወስኗል። የተመረኮዘው በ1925 የወጣ ሕግ ላይ ነው፤ ያኔ ስልክ ላይ ተጭኖ የሚፈረም ውል ማንም አላሰበም።

ወደ መውጫው ልምጣ። ብዙዎቹ የሹፌር ውሎች አርቢትሬሽኑን አልቀበልም ለማለት 30 ቀን ይሰጣሉ። የሚቆጠረው «እስማማለሁ» ከተጫነበት ቀን ነው። ፒዲኤፉን አውርድና «ኦፕት አውት» (opt out፣ መውጣት) የሚለውን ቃል ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ የአርቢትሬሽኑ አንቀጽ መጨረሻ አካባቢ ነው። እዚያ በተጻፈው ኢሜይል ትልካለህ፤ የምትልከው አካውንቱ ከተመዘገበበት ኢሜይል ይሁን። ሙሉ ስም አካውንቱ ላይ እንደተጻፈው፣ ስልክ ቁጥር፣ የምትሠራበት ከተማ፣ ከዚያ «ከአርቢትሬሽን ስምምነቱ መውጣቴን አሳውቃለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ። ምክንያት መስጠት አያስፈልግም። ለመተግበሪያው የእርዳታ መስጫ በቻት መጻፍ አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም የሚነዱ ከሆነም ለየብቻ ይላኩ፤ አንዱ ለሌላው መውጣት አይችልም። የላክኸውን ኢሜይል ከነቀኑና ከነሰዓቱ አስቀምጥ።

አንቀጽ_አንባቢ፦
የውል_ነገር ያለው ልክ ነው፤ ግን ትልቁ ወጥመድ ቀርቷል። ብዙዎቹ ውሎች «ከዚህ በፊት ከተቀበልከው የአርቢትሬሽን ስምምነት ካልወጣህ ያኛው እንደጸና ይቆያል» የሚል ዓረፍተ ነገር አላቸው። ስለዚህ ከ4 ዓመት በፊት ዝም ብሎ የተቀበለ ሰው ከዘንድሮው ቢወጣም አሮጌው ሊይዘው ይችላል። አካውንት መዝጋትም አያስለቅቅም። እንዲያም ሆኖ ከአዲሱ መውጣት ይጠቅማል፤ አዲሱ ከአሮጌው የባሰ ሊሆን ይችላልና። ገና ለሚጀምሩ ልጆች ግን ይህን የመጀመሪያው ቀን ላይ መንገር አለብን፤ ለእነሱ አሮጌ ውል የለም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እግዜር ይስጥልኝ። 30 ቀኑ ካለፈ ዓመታት ለሆነውስ? የከባድ መኪና ሹፌሮችስ?

ከባድ_ጭነት፦
በመጨረሻው ልጀምር። የ1925ቱ ሕግ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ጭነት የሚያመላልሱ ሠራተኞችን አይመለከትም። በጥር 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኒው ፕራይም መዝገብ 8 ለ0 ሲወስን፣ ሹፌሩ «ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር» (ተቀጣሪ ያልሆነ፣ በራሱ የሚሠራ) ቢባልም ያው ነው ብሏል። ስለዚህ የትራክ ሹፌር «አርቢትሬሽን ፈርመሃል» ሲባል አንገቱን ደፍቶ መመለስ የለበትም፤ የክፍለ ሀገሩ ሕግ የተለየ ነገር ሊል ስለሚችል ግን ጠበቃ ያማክር። ሰው የሚያመላልሱ የመተግበሪያ ሹፌሮች በዚህ እንዲወጡ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች አልፈቀዱም።

ጊዜው ላለፈበት የሚቀሩ በሮች አሉ። አንቀጹ ብዙ ጊዜ ስሞል ክሌምስ ፍርድ ቤትን (አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚታይበትን) ክፍት ይተዋል፤ ጣሪያው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ 5,000 ዶላር፣ በዲሲ 10,000 ዶላር ነው። ከሁሉ የምወደው ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። አንቀጹ የሚያስረው የፈረመውን ሰው ብቻ ነው፤ መንግሥት አልፈረመም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ2002 በዋፍል ሃውስ መዝገብ አጽንቷል። በኅዳር 2023 የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከኡበር 290 ሚሊዮን፣ ከሊፍት 38 ሚሊዮን ዶላር ለሹፌሮች ያስከፈሉት በዚህ መንገድ ነው፤ ኩባንያዎቹ ከተሳፋሪ መወሰድ የነበረበትን ታክስና ክፍያ ከሹፌሩ ገቢ ቆርጠው ነበር። ልክ የ6 ዶላሩ ምሳሌ።

አርቢትሬሽኑን ራሱን በብዛት ማቅረብም ይቻላል፤ እያንዳንዱ ለየብቻው፣ ግን ብዙዎች በአንድ ጊዜ። በ2020 የሳን ፍራንሲስኮ ዳኛ ዶርዳሽ የሚባለው የምግብ አድራሽ ኩባንያ ለ5,010 አድራሾች የገላጋይ ክፍያ እንዲከፍል አዘዋል፤ ክፍያው 9.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አስገድዶ ያስፈረመው አንቀጽ ዋጋ ሲጠይቀው እምቢ ያለው ራሱ ኩባንያው ነው! ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ክሶቹ በጥቂት በጥቂቱ በተራ ይታዩ የሚል መስመር ጨምረዋል፤ ውሉ ላይ ፈልጉት፤ ካለ ነገሩ ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

አቤቱታውን ማቆየት ግን መብት ያሳጣል። በፌዴራሉ የደመወዝ ሕግ ይርጋው (ክስ የማቅረቢያ ጊዜው) 2 ዓመት፣ ሆነ ተብሎ ከተደረገ 3 ዓመት ነው። የሳምንቱን የክፍያ ዝርዝር በየሳምንቱ አውርዳችሁ ከስልኩ ውጭ አስቀምጡ፤ አካውንቱ የተዘጋ ቀን ዝርዝሩም አብሮ ሊዘጋ ይችላል።