«የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚል ወንድም አለኝ፣ ምን ላድርገው?

የቤት ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደቀ። ውጤቱ ከመጣ ሁለት ወር አለፈው፣ እሱ ግን እስካሁን አልጋ ላይ ነው። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል፣ የስልኩ ብርሃን ብቻ ከውስጥ ይታያል። «በግል ተመዝገብና ድገም» ስለው «ተይኝ፣ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ የሱ ተቃራኒ ነኝ። ሁሉንም ነገር እኔ ካልያዝኩት የሚፈርስ ይመስለኛል፤ እሱ የወደቀው እንኳ እኔ ሳላስጠናው ቀርቼ ነው እያልኩ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። የማናችን ይብሳል?

ሻይ በሎሚ፦
እኔም በ2014 ከወደቁት ነኝ። በዚያ ዓመትም ሆነ በ2015 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከ100 ተፈታኝ 4 እንኳ አልሞላም። ይሄ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነው እንዴ? እና ወንድምሽ «ከእጄ ውጪ ነው» ሲል ግማሹ እውነት ነው። እኔን የጎዳኝ መውደቁ አይደለም፣ «ብታጠና ታልፍ ነበር» እያሉ በየቡናው ሲያነሱብኝ ነው።

ዘወትር ማታ፦
የተማርኩት ሥነ ልቦና ነው፣ ትንሽ ልበል። ጁሊያን ሮተር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ ሰው የሚደርስበትን ነገር ከራሱ ነው ወይስ ከዕድልና ከሌሎች ነው የሚለው ብሎ የሚለካ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1966 አወጣ። በአብዛኛው «ሁሉም ዕድል ነው» ባዮች ላይ ድብርትና ጭንቀት በርከት ይላል። ግን «ሁሉም በእጄ ነው» ማለትም ሁሌ ጤና አይደለም፣ ያንቺ ሌሊት ምስክር ነው። ያለፈውን ነገር እንደ ላም እያመነዠክሽ ነው።

ላዛረስና ፎክማን የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 የጻፉት እዚህ ጋ ይጠቅማል። ሰው ጭንቅ ሲመጣበት ወይ ችግሩን ለመፍታት ይነሳል፣ ወይ ስሜቱን ለማብረድ ይሞክራል። ሁለቱም ቦታ ቦታ አላቸው። ውጤቱ ወጥቷል፣ አይለወጥም፤ እዚያ ላይ ማልቀስ፣ መጸለይ፣ ከጓደኛ ጋር ማውራት ነው የሚያዋጣው። ምዝገባው ግን ገና ነው። ወንድምሽ ገና ያልሆነውን እንዳበቃ ቆጥሮ ተኝቷል፣ አንቺ ያበቃውን ልታስተካክዪ ትታገያለሽ።

ከኩዌት፦
እህቴ፣ ዕድል ማለትን አትናቂበት። እኔ ሰው ቤት ስሠራ ፓስፖርቴ አሠሪዬ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ነበር። «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ባልል እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ግን ጸልዬ ዝም አላልኩም፣ በየወሩ ወደ ቤት የምልከውን ብር ቀሚሴ ጫፍ ላይ በክር ቋጠሮ እቆጥር ነበር። ያቺ ቋጠሮ የኔ ነበረች፣ ማንም አይነካብኝም።

ዘወትር ማታ፦
ይቺን ቋጠሮ ወደድኳት! ሴሊግማንና ማየር የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ውሾች ላይ ባደረጉት ሙከራ ማምለጥ የማይቻል ስቃይ ያየ እንስሳ በኋላ ማምለጥ ሲችልም ዝም ብሎ ይተኛል ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ራሳቸው አረሙት። ተስፋ መቁረጥ የሚማሩት ነገር አይደለም፣ የሚማሩት «ይህ በእጄ ነው» ማለትን ነው አሉ። ስለዚህ ስለ ፈተናው ተይው። ትንሽ የራሱ የሆነ ነገር ስጪው፣ ተከታትለሽም አታርሚው። ምግብ ከዘጋ ወይ ስለ መሞት ካወራ ግን አትጠብቂ፣ ባለሙያ ጋ ውሰጂው። «አማኑኤል ሊያስገቡኝ ነው» ብሎ ይፈራ ይሆናል፣ የአእምሮ ሐኪም በሌሎች ሆስፒታሎችም አለ።

የቤት ልጅ፦
አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት «የቆጣሪ ካርዱን አንተ ሙላ» ብዬ ብሩን ሰጠሁት። ሦስት ሰዓት ቆይቶ መጣ፣ ለምን እንደዘገየ አልጠየቅኩትም (ምላሴን ነክሼ ነው)። ከሙሌቱ የተረፈውን ብር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ተመልሶ ተኛ፣ ፊቱን ግን አልሸፈነም። የ11ኛ ክፍል ሂሳብ መጽሐፍ በስልክ ያላችሁ ላኩልኝ፣ ለእኔ ነው በሉት።