የአባቴ አርባ፦ ገንዘቡ የኔ፣ ቃሉ የዘመድ

ታላቅ እህት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለዚህ ቤት። አባቴ ያረፈው በጥቅምት መጨረሻ ነው። አርባው ታኅሣሥ 3 ይውላል። ቤታችን ውስጥ ከሐዘኑ ይልቅ የሚወራው ግን ድግሱ ነው።

አባዬ ታሞ ሳለ እኔንና እማዬን አስቀምጦ፣ «ፍትሐቴን እንዳታጓድሉ፣ ለነዳያን አብሉ። ከዚያ ውጪ በኔ ስም ዕዳ እንዳትገቡ» ብሎናል። ሁለታችንም ሰምተናል።

ባለፈው እሁድ አጎቴ ወረቀት ይዞ መጣ። በሬ፣ ጠላ፣ ወንበር፣ የአባዬ ፎቶ ያለበት ቲሸርት ሳይቀር ተጽፏል። የሚጠራው ሰው 300። ታኅሣሥ 3 ጾም ስለሆነ ከገና በኋላ ይሁን ይላል፣ ሥጋ እንዲበላ። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው የከፋዩ ስም ብቻ ነው። ወንድሜ ሥራ የለውም፣ ታናሿ ተማሪ ናት። እኔ ደሞዝ አለኝ፣ ባል የለኝም። በነሱ ሒሳብ «እሷ ምን ወጪ አለባት?» ነኝ። ለኮንዶሚኒየም እንደምቆጥብም ዘመድ ሁሉ ያውቃል።

«አባዬ እኮ አይሆንም ብሏል» ስለው፣ አጎቴ «እሱማ ይላላ! ጨዋ ሰው አይደል!» አለኝ። እማዬ ዝም አለች። ማታ ብቻችንን ስንሆን «ባሏን ሜዳ ላይ ጣለችው ልባል ነው?» ብላ አለቀሰች።

35 ዓመቴ ነው። በገዛ ደሞዜ ላይ ድምፅ የሌለኝ ለምንድን ነው? እምቢ ብል አባቴን ማዋረድ ነው ወይስ ቃሉን መጠበቅ?

የዲያቆን ልጅ

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ጸሎቱና ድግሱ ተደባልቆባችኋል። ጸሎቱ ሰልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ ቀኑን ጠብቆ ይሄዳል። ለሥጋ ተብሎ ከገና በኋላ አይጎተትም። ግብዣውን በተመለከተ ደግሞ ሉቃስ 14ን ለአጎትሽ አንብቢለት። ብድር መመለስ የማይችሉትን ጥራ ነው የሚለው።

ምክሬ፦ በዕለቱ፣ በጾም ምግብ ጸበል ጻዲቅ አድርጉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዳቦ። በሬው በራሱ ጊዜ ይቀራል፣ ማንም «ሰሰተች» አይልሽም።

ሕግ አንባቢ

«ቤቱ ሲሸጥ ይተካልሻል» ብለው እንዳያታልሉሽ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቀብር ወጪ ከሟች ንብረት ይከፈላል። ተዝካር ግን ከቀብር ወጪ አይቆጠርም። ሕጉ አትደግሱ አላለም፣ የደገሰ ከኪሱ ነው።

የእድር ጸሐፊ

ልጄ፣ የእናትሽን ነገር አቃለላችሁት። ብዙ ዘመን የእድር መዝገብ ይዣለሁ፣ እንደሷ ያሉትን አውቃለሁ። ሰው ሲሞት ሌሊት ተነሥታ ንፍሮ የምትቀቅል፣ ሞሶብ ተሸክማ የምትሄድ ሴት ናት። የሰው አርባ ስትበላ ኖራለች። አሁን የሚያስጨንቃት ሐሜቱ ብቻ አይደለም፣ ብድሯን ሳትመልስ መቅረቷ ነው። ይሄ ክብር ነው፣ ጉራ አይደለም። ቲሸርቱ ግን ጉራ ነው።

ማንን መጥራት እንደምትፈልግ ራሷን ጠይቂያት፣ አጎትሽን አይደለም። 300ው የሱ ወዳጆች እንዳይሆኑ እሰጋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ውጭ ሄደው የሚገላገሉት ነገር አይደለም። እዚህ አሜሪካም አለ። ሰው ሥራ ስላለው ቅዳሜ ወይም እሁድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ይሆናል፣ ሒሳቡም በዶላር ነው።

የዲያቆን ልጅ፣ ምክርህ ጥሩ ነው፣ ግን ማምለጫ ነው። ጾሙን ምክንያት ካደረገች «እንግዲያው ለሙት ዓመቱ በሬው ይታረዳል» ይሏታል። እህቴ፣ ሽሮውን አብዪ፣ ምክንያቱን ግን በአፍሽ ተናገሪ። ገንዘቤ ነው፣ አባቴም ከልክሏል በይ። አንዴ ይከፋቸዋል፣ ያልፋል። እኔ በአያቴ ተዝካር ጊዜ ሳልናገር ቀርቼ እስካሁን ሁሉም ድግስ የኔ ነው።

ታላቅ እህት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባባ የእድር ጸሐፊ፣ እንዳሉኝ እማዬን ጠየቅኳት። በጣቷ እየቆጠረች ጠራችልኝ። አባዬን ሆስፒታል ሲያስታምሙ ያደሩት፣ ለሐዘኑ እንጀራ ያመጡት፣ የማኅበሯ ሰዎች። 40 ብንሞላ ነው። ከአጎቴ ወረቀት ላይ ግማሹን ስም ጭራሽ አታውቀውም። «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» እያለች ሁለታችንም ሳቅን። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ለአጎቴ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። በዕለቱ ይሆናል፣ በጾም ምግብ፣ እኔ እከፍላለሁ፣ እማዬ የጠራችው ሰው ይመጣል፣ በሬ ለሙት ዓመቱም የለም። «ዘመን አመጣሽ!» ብሎ ዘጋብኝ። ይመጣ እንደሆነ አላውቅም። እማዬ ግን ቦታው ይጠበቅለት ብላለች።

አባባ፣ ድንኳንና ድስት ከእድር ለማስወጣት ስንት ቀን ቀድሞ ነው የሚነገረው?

የእድር ጸሐፊ

የናንተን አላውቅም፣ በኛ ሳምንት ቀድሞ ነው። ለ40 ሰው ድንኳን አያስፈልግም፣ አግዳሚ ይበቃችኋል። ድስቱን ስትረከቡ ክዳኑንም ቁጠሩ፣ ሁሌ የሚጠፋው እሱ ነው።