ዋና ወይስ ሩጫ? የልጁ የልደት ሰዓት ይወስን ወይ?

የጓንግዡው፦
ሰላም ቤተሰብ፤ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ኑሮዬ ቻይና፣ ጓንግዡ ነው፤ ጫማና ቦርሳ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከትምህርት በኋላ አንድ ስፖርት ይያዝ ብለናል፤ ያለው ምርጫ ዋና ወይም ሩጫ ነው። እሱ ዋና ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ጎረቤታችን የሆኑ ቻይናዊት አያት ግን የልደት ሰሌዳው ሳይታይማ አይሆንም ብለው የሚያሰላ ሰው ጋ ወሰዱን። «ባዚ» ይሉታል፤ ስምንት ፊደል እንደማለት ነው። ሰውዬው ልጁ የተወለደበትን ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት ጠየቀኝ። ስልኩን ነካ ነካ አደረገና ቀይ ወረቀት ላይ ስምንት ፊደል በአራት ረድፍ ጻፈ። ልጁ እሳት ነው አለኝ፤ ያውም የሻማ እሳት። አናቱ ላይ ውሃ ተቀምጦበታል። ስለዚህ ገንዳ አታስገባው፣ ይሩጥ። 200 ዩዋን ከፍዬ ወጣሁ። ልጁ አኩርፏል፣ ባለቤቴ ትስቃለች። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከሰማሁ አይለቀኝም። ለልጅ ስፖርት ስንመርጥ እንዲህ ላለው ነገር ቦታ እንስጠው ወይ?

እናት ነኝ፦
ወንድሜ፣ ሰውዬው ሰሌዳ አላየም፤ ፓስፖርትህን ነው ያየው። አባቱ ኢትዮጵያዊ ለሆነ ልጅ «ይሩጥ» ለማለት ኮከብ መቁጠር ያስፈልጋል እንዴ?

ከዲሲ፦
ሞትኩ በሳቅ። 200 ዩዋን ለእኔ ብትልክልኝ እኔም እነግርህ ነበር።

ድራጎን 76፦
መሳቁ ቀላል ነው። ሆንግ ኮንግ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ነገሩን በቅርብ አይቼዋለሁ። ጋዜጣ ላይ ያለውን «የዶሮ ዓመት ሰው እንዲህ ነው» የሚለውን እርሱት። ባዚ ሌላ ነው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፦ አራት ዓምድ። እያንዳንዱ ዓምድ ላይ አንድ የሰማይ ግንድና አንድ የምድር ቅርንጫፍ አለ። ግንዶቹ አሥር ናቸው፣ ቅርንጫፎቹ አሥራ ሁለት፤ እነዚያ አይጥ፣ ነብር፣ ዶሮ የሚባሉት እንስሳት ናቸው። ሁሉም ከአምስቱ ባሕርያት በአንዱ ይመደባሉ፦ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረት፣ ውሃ፤ ግንዶቹ ደግሞ ወንዴና ሴቴ ተብለው ይለያሉ። የቀኑ ግንድ ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ሌሎቹ ይደግፉታል ወይ ይጫኑታል። ዘዴው ከታንግና ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ጀምሮ የመጣ ነው። ለስፖርተኛ የሚፈለገው በግልጽ ይታወቃል። የቀኑ ግንድ ጠንካራ እንዲሆን፣ «ሰባቱ ገዳይ» የሚሉት ኃይል እንዲኖር (ፉክክርና ድፍረት ነው)፣ ለሚሮጥና ለሚጓዝ ደግሞ «መንገደኛው ፈረስ» የሚሉት ምልክት እንዲገኝ። ማንም ልጁን ሜዳልያ ያመጣል አላለም። ተፈጥሮውን እወቅ ነው የተባለው። እኛ ዘንድስ የሰውየውና የእናቱ ስም ተደምሮ፣ ለአሥራ ሁለት ተገድፎ ኮከብ ሲወጣለት አላደግንም?

ሒሳብ አስተማሪ፦
አድገናል፤ ግን ዓቃቤ ኮከቡ ጋ ሄዶ ቮሊቦል ልጫወት ወይስ እግር ኳስ ያለ ሰው አላውቅም።

ግንዱና ቅርንጫፉ ደስ ይለኛል፤ እንቁጠረው። ዓመቱ በ60 ይዞራል። ወሩ 12 አማራጭ አለው፣ ቀኑ 60፣ ሰዓቱ ደግሞ ሁለት ሁለት ሰዓት ሆኖ ስለሚከፈል 12። አባዙት፦ 518,400። ያለው የሰሌዳ ዓይነት ይኸው ነው። የቻይናን 1.4 ቢሊዮን ሕዝብ ብናከፋፍለው ለአንድ ሰሌዳ 2,700 ሰው ገደማ ይደርሳል። የቅርጫት ኳሱ ያኦ ሚንግ ግን አንድ ነው።

ድራጎን 76፦
ያኦ ሚንግን ካነሳኸው አስላውና እየው።

ሒሳብ አስተማሪ፦
አስልቼዋለሁ፤ እሑዴን በላብኝ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ያኦ ሚንግ የተወለደው ሻንጋይ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1980። የሰዓቱን ዓምድ ትቼ ሦስቱን አወጣሁ። ዓመቱ የብረት ጦጣ ነው፣ ወሩ የእንጨት ዶሮ፣ ቀኑ የአፈር አይጥ። የቀኑ ግንድ ወንዴ አፈር ነው፤ ባለሙያዎቹ በተራራ ይመስሉታል።

ድራጎን 76፦
ተራራ! 2 ሜትር ከ29 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተራራ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

ሒሳብ አስተማሪ፦
ቆይ፣ አትቸኩል። በእናንተው ሕግ አፈር ብረትን ይወልዳል፤ ሲወልድ ይደክማል። ይሄ ሰው ዓመቱም ብረት፣ የዓመቱ ቅርንጫፍም (ጦጣው) ብረት፣ የወሩ ቅርንጫፍም (ዶሮው) ብረት። የተወለደው ብረት በሚበረታበት በመጸው ነው። ስለዚህ ደካማ አፈር ነው። አሁን ከላይ ስፖርተኛ ጠንካራ ግንድ ይፈልጋል አላልክም? መንገደኛውን ፈረስም ፈለግሁለት። በእሱ ሰሌዳ የፈረሱ ምልክት የሚሆነው የነብር ቅርንጫፍ ነው፤ ከሦስቱ ዓምዶች በአንዱም የለም። ሰውየው ግን በ2002 ከሻንጋይ ተነሥቶ ሂውስተን ገብቷል።

ድራጎን 76፦
ደካማ አፈር መሆኑማ እግሩን አስረዳኝ። በእግር ጉዳት አይደል በ2011 የተወው? አፈሩ ያን ቁመት መሸከም አቃተው።

እናት ነኝ፦
ሲሳካ ተራራ፣ ሲሰበር ደካማ አፈር። ይቺንማ እኔም እችላለሁ።

ሒሳብ አስተማሪ፦
የመሰናክል ሯጩን ሊዩ ሺያንግንም ጨረስኩት። ጁላይ 13 ቀን 1983፣ ሻንጋይ። የቀኑ ግንድ ወንዴ ውሃ፣ ዓመቱ የውሃ አሳማ። ድራጎን «ወንዝ ነው፣ ይፈሳል፣ ለዚህ ነው የሮጠው» እንደሚል አውቃለሁ፤ ቀደምኩህ። መንገደኛው ፈረስ እዚህም በሦስቱ ዓምዶች የለም። በ2004 አቴንስ ላይ 110 ሜትር መሰናክልን በ12.91 የሮጠው፣ የዓለምን ክብረ ወሰን የተስተካከለው ሰው ፈረስ የለውም!

አንድ ልጨምር። ቻይናዎች የራስህ እንስሳ ዓመት ሲመጣ ይከፋብሃል ይላሉ። ቀይ ቀበቶ ታጠቅ፣ ቀይ የውስጥ ሱሪ ልበስ ይባላል። የሊዩ የአሳማ ዓመት 2007 ነበር። በዚያው ዓመት ኦሳካ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የተሰበረው በቀጣዩ ዓመት ነው፤ ቤጂንግ ላይ፣ በሀገሩ ሰው ፊት፣ አንድም መሰናክል ሳይዘል በተረከዝ ጅማቱ የተነሣ አቋርጦ ወጣ።

ድራጎን 76፦
ቀዩን ሳይለብስ አይቀርማ።

ከዲሲ፦
ይሄን ሰው አትችሉትም።

ድራጎን 76፦
ወደ ቁም ነገሩ። የቀኑን ዓምድ ብቻ አይቶ ፍርድ የሚሰጥ ጀማሪ ነው። ሰዓቱ ያስፈልጋል፣ የአሥር አሥር ዓመቱ የዕድል ዘመንም ይታያል። ደግሞ እስቲ መንታዎቹን አስቧቸው፤ ሊ ዳሹዋንግና ሊ ሺያዎሹዋንግ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 1973። ሁለቱም ጂምናስቲክ ሠሩ፣ ሁለቱም ለሀገራቸው ኦሊምፒክ ደረሱ። ቀናቸው አንድ፣ መንገዳቸው አንድ። ይሄስ?

እናት ነኝ፦
እናታቸውም አንድ፣ ቤታቸውም አንድ። ታናሽየው በ1996 አትላንታ ላይ በሁሉም መሣሪያ የሚወዳደሩበትን የግል ወርቅ ወሰደ፤ ታላቅየው የቡድን ብር ይዞ ተመለሰ። ሰሌዳው ቀን ካወቀ ይሄን ልዩነት ለምን አላወቀም?

አሰልጣኙ፦
ዘግይቼ ነው ያነበብኩት፤ ይቅርታ። ከሕፃናት ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፣ አትሌቲክስ። ሁለታችሁንም የሚያናድድ ነገር ልናገር። የልደት ቀን በስፖርት ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። በጣም ትልቅ። ግን ከሰማይ አይደለም።

በጃንዋሪ የተወለደና በዲሴምበር የተወለደ ልጅ በአንድ የዕድሜ ቡድን ሲገቡ በመሃላቸው አሥራ አንድ ወር ገደማ አለ። በዘጠኝ ዓመት ይሄ ጉልበት ነው፣ ቁመት ነው። እኛ አሰልጣኞች ተሰጥኦ ያየን ይመስለናል፤ ያየነው ቀድሞ መወለድን ነው። ትልቁ ልጅ ይመረጣል፣ ጥሩ ሥልጠና ያገኛል፣ ጨዋታ ያገኛል። ከአምስት ዓመት በኋላ እውነትም በልጦ ይገኛል። ታናሹ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ገብቷል። በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ ይሄ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተጠንቷል።

አሁን ዋናው ነገር። በቤልጂየም እግር ኳስ የዕድሜ መቁጠሪያው ከኦገስት 1 ይጀምር ነበር፤ በ1997 ወደ ጃንዋሪ 1 ዞረ። ከዚያ በፊት ከታዳጊዎቹ በብዛት የሚመረጡት በኦገስትና በሴፕቴምበር የተወለዱት ነበሩ። ደንቡ ሲቀየር ብልጫው ወደ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ልጆች ሄደ። ኮከቦቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። የተቀየረው የፌዴሬሽን ወረቀት ነው።

እናት ነኝ፦
ጋሼ፣ እርስዎን ስጠብቅ ነበር። ይሄን ግን አላውቅም ነበር፤ የእኔ ልጅ የታኅሣሥ ናት።

ድራጎን 76፦
እሺ አሰልጣኝ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን እናንተም ትገምታላችሁ። ቻይና የስፖርት ትምህርት ቤቶች ልጅ ሲመርጡ የክንድ ርዝመት ይለካሉ፣ የእጅ አጥንት ራጅ አንሥተው ቁመቱ እስከ ስንት ይደርሳል ይላሉ። እሱስ ትንቢት አይደለም?

አሰልጣኙ፦
ትንቢት ነው፤ ግን ሊሳሳት እንደሚችል የሚያውቅ ትንቢት ነው። ራጁ 1.85 ብሎ ልጁ 1.74 ላይ ከቆመ ተሳስተናል እንላለን። ተራራ የተባለው ሰው አጭር ቢሆን ግን ሰሌዳው «ኮረብታ ማለቴ ነው» ይላል። ያኦ ሚንግን ደግሞ ማንም በቀን አልመረጠውም። አባቱ ከ2 ሜትር በላይ ነው፣ እናቱ የብሔራዊ ቡድን ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች። ልጁን ለማወቅ ወላጆቹን ማየት ይበቃ ነበር።

ከሀገራችንም ላምጣ። በቆጂ ከዲባባ ቤት እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽ፣ ገንዘቤ ወጥተዋል። የአንድ ቤት ልጆች፣ ዓመታቸው የተለያየ፣ ሰሌዳቸው የተለያየ። አንድ የሆነው ከፍታው፣ ቤቱና ልምምዱ ነው።

ሒሳብ አስተማሪ፦
በነገራችን ላይ ቀኑ ራሱ ውሸት ሲሆንስ? ዶንግ ፋንግሺያዎ የምትባል ቻይናዊት ጂምናስቲከኛ በ2000 ሲድኒ ስትወዳደር በወረቀት የተወለደችው በ1983 ነበር። ኋላ በሌላ ሰነድ 1986 ሆኖ ተገኘ። ዕድሜዋ አልደረሰም ተብሎ በ2010 የቡድኑ ነሐስ ተነጠቀ። የትኛው ሰሌዳ ነው የእሷ? እኛም ሀገር ስለ ታዳጊ ውድድር ዕድሜ ባናወራ ይሻላል።

አሰልጣኙ፦
ባናወራ ይሻላል።

ከዲሲ፦
እኔ አንድ ነገር ያሳስበኛል። በ1966 ጃፓን ውስጥ የእሳት ፈረስ ዓመት ነው፣ በዚያ ዓመት የተወለደች ሴት ባሏን ታጠፋለች ተብሎ ሰው መውለድ ተወ። ከዓመቱ በፊት 1.82 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ልደት ወደ 1.36 ሚሊዮን ወረደ። ያው የ60 ዓመቱ ዑደት ነው። በሌላ በኩል የቻይና የድራጎን ዓመት ልጆች በትምህርት ይበልጣሉ የሚል ጥናት በ2017 ወጥቷል። ምክንያቱን ሲፈልጉት ወላጆቻቸው የበለጠ ይጠብቁባቸዋል፣ ገንዘብና ጊዜም ይጨምሩላቸዋል። ያ ስለ ትምህርት ነው፤ ግን ገንዳ ዳር ለሚቆም አባትም የሚሠራ ይመስለኛል። አባት «ይሄ ልጅ ውሃ አይሆንለትም» ብሎ ካመነ ልጁ በአንድ ወር ውስጥ ውሃ አይሆንለትም።

ድራጎን 76፦
እኔ በ76 የተወለድኩ ድራጎን ነኝ፤ ማንም ገንዘብ አልጨመረልኝም።

ከዲሲ፦
ሆሳዕና ተወልደህ ማን ድራጎን መሆንህን ያውቃል!

ድራጎን 76፦
ይሁን። ግን እዚህ አሜሪካ ያላችሁትም በምራቅ የሚሠራ የጂን ምርመራ ገዝታችሁ «ልጅህ ለፍጥነት ነው» ስትባሉ ታምናላችሁ። እኔ ቀይ ወረቀት ሳሳይ ጠንቋይ ሆንኩ።

ከዲሲ፦
እሱንም አላምንም። በ2015 የስፖርት ሳይንስ ሰዎች ተሰባስበው ለልጅ ተሰጥኦ መምረጫ አይሆንም ብለዋል። ስለዚህ በዚች ተስማምተናል።

የጓንግዡው፦
ቤተሰብ፣ ጉድ ነው። ወረቀቱን አሁን አውጥቼ አየሁት። ልጄ አዲስ አበባ ነው የተወለደው፣ ጥር 22 ቀን 2009። ቀኑን በትክክል ቀይሬ ጃንዋሪ 30፣ 2017 ብዬ ነው የሰጠሁት። መጀመሪያ አያቲቱ ዶሮ ነው አሉ፣ ሰውዬው ጦጣ ነው አለ፤ የባዚ ዓመት በፌብሩዋሪ 4 አካባቢ ነው የሚገባው ብሎ ዘጋት። እሱ ይሁን። ሰዓቱ ግን! የተወለደው ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። እኔም 3:30 ብዬ ጻፍኩለት።

ሒሳብ አስተማሪ፦
አይ አንተ! በሀበሻ ሰዓት!

የጓንግዡው፦
በሀበሻ። ሰውዬው ሌሊት ሦስት ሰዓት ተኩል አድርጎ ነብር ሰዓት ላይ አስቀመጠው። መሆን የነበረበት 9:30፣ የእባብ ሰዓት ነው። ደውዬ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና እንደገና አሰላው። አናቱ ላይ የነበረው ውሃ ጠፋ፤ በቦታው እንጨትና እሳት ገባ። አሁን እሳቱ በዝቷል፣ ውሃ ያስፈልገዋል፣ ዋና አስገባው ይላል። ለማረሚያው ደግሞ 100 ዩዋን።

እናት ነኝ፦
ልጁ በነፃ ነግሮህ ነበር እኮ።

ድራጎን 76፦
እንዲያውም ትክክለኛው ሰሌዳ ከልጁ ፍላጎት ጋር ገጠመ። ይሄንን ለምን አታዩም?

ሒሳብ አስተማሪ፦
ከሁለት ምርጫ አንዱ ነዋ። ሳንቲም ብትወረውርም በግማሽ ዕድል ይገጥምልህ ነበር።

አሰልጣኙ፦
ዋና ይግባ። ሩጫው አይሄድበትም፤ በዘጠኝ ዓመቱ ሁለቱንም ቢነካካ ይጠቅመዋል። ክረምት ላይ ስትመጡ እኔ ጋ ይዘኸው ና። የተወለደበትን ሰዓት አልፈልግም። ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ብቻ ንገረኝ።

የጓንግዡው፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሳይቀሰቀስ ከሆነ አራት ሰዓት።

ሒሳብ አስተማሪ፦
በማን ሰዓት?