የስምንቱ ስፒከር ፕሮፖዛል፣ እስከ ዓርብ ይገባል

ሰብሳቢ፦ ያው ባለፈው የተባለው ነው፣ የጅማ የድምፅ ዕቃ አከራዮች ማህበራችን ለኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ የሚያስገባው ፕሮፖዛል። አዳራሹ ውስጥ ስምንት ስፒከር ዙሪያውን ይቆማል፣ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ የተቀዳው ዝናብና የቡና ውቀጣው ከስፒከር ወደ ስፒከር ይዞራል። በማህበሩ ስም ነው የሚገባው፣ በግል የሚነጋገር እንዳይኖር። ያልተስማማ አሁን ይናገር፣ እንደ አምናው ዕቃ ከተጫነ በኋላ አይደለም።

የሄርማታው፦ የፊቶቹ ሁለቱ የማን ናቸው?

የአጂፕ ልጅ፦ ጋሼ ክብ ነው እኮ፣ ክብ ምን ፊት አለው

የሄርማታው፦ በሩ የት ነው? ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ፊት ነው።

ፌደር፦ እኔ የማነሳው ስለ ድምፁ ነው። ቅጂው ስቴሪዮ ነው በሁለት ማይክ የተቀዳ። እንደ ሰርግ ግራውን ለግራ አራት ቀኙን ለቀኝ አራት ብለን ከሰጠነው ስምንት ስፒከር ሆነ እንጂ ስምንት ቻናል፣ ለየብቻው የሚታዘዝ የድምፅ መስመር፣ አልሆነም፣ አንዱ ድምፅ ከአራት ቦታ በተለያየ ጊዜ ጆሮ ላይ ይደርስና እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ዘነዘናው ሙቀጫ ውስጥ ሲያርፍ ያለው ያ ደረቅ ምት ይጠፋና በርሜል ውስጥ ያለ ይመስላል። በአንድ ጊዜ መሥራት ያለባቸው ሁለት ጎረቤታሞች ብቻ ናቸው። ስምንቱ በክብ ሲቆሙ በየመካከላቸው 45 ዲግሪ ነው፣ ድምፁ ከ1 ወደ 2 ሲሄድ አንዱ እየቀነሰ ሌላው ይጨምራል፣ ልክ መሃል ሲደርስ ሁለቱም 3 ዴሲቤል ዝቅ ይላሉ፣ አለዚያ ድምፁ መሃል ላይ ሲደርስ ወይ ያብጣል ወይ ይጠልቃል። ፑልኪ የሚባለው ፊንላንዳዊ በፈረንጅ 1997 ያወጣው ዘዴም ክብ ላይ ሲሆን መሠረቱ ይኸው ነው፣ ድምፁ ባለበት አቅጣጫ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ብቻ ይሠራሉ። ይሄ ፕሮፖዛሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ኬብል፦ ስምንት መውጫ ያለው ሳውንድ ካርድ እኔ አመጣለሁ፣ ጻፉት

የሄርማታው፦ ፓኑን፣ ድምፁን ከስፒከር ወደ ስፒከር ማዞሩን፣ እናንተ ታውቃላችሁ። «ስፒከሮቹ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናሉ» የምትለዋ መስመር ግን ትውጣ። እኔ ስፒከሬ ላይ ስልኬ የተለጠፈበት ስቲከር አለ።

የቆጪዋ፦ የሁሉም ላይ አለ። ስምንት ዓይነት ስቲከር ተደርድሮ ኤግዚቢሽን ነው ወይስ የኪራይ ማስታወቂያ? ወይ ሁሉም ይሸፈን ወይ ሁሉም ይላጥ።

የሄርማታው፦ ይላጥ? ማን ነው የሚልጠው?

ገንዘብ ያዥ፦ ጨርቁስ ከየት ወጪ ነው? ካዝናው ውስጥ ያለውን ታውቃላችሁ።

የአጂፕ ልጅ፦ ለሦስት ቀን ስቲከር ቢሸፈን ምን ይሆናል፣ ሥራ የሚመጣው በጥሩ ድምፅ ነው በስቲከር አይደለም

የሄርማታው፦ አንተን ኬብል መጠቅለል ያስተማረህ ማን ነው? የእኔን ስፒከር ስትሸከም ነው ሙያ ያወቅከው፣ ዛሬ ስለ ሥራ ልታስተምረኝ ነው?

የአጂፕ ልጅ፦ የተሸከምኩበትን ደግሞ ሙሉውን አልተከፈለኝም፣ አናግረኝ እንጂ

ሰብሳቢ፦ በቃ! ይሄ የሒሳብ ጉዳይ ስብሰባ ላይ ይታያል፣ እዚህ አይደለም።

ፌደር፦ ጨርቁን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ወፍራም ከሆነ ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ደግሞ አብዛኛው ቀጭን ድምፅ ነው፣ ከሆነ አይቀር አየር የሚያሳልፍ ስስ ይሁን። ግን እኮ ሰዎች የከበደው ሌላ ነው፣ ስፒከሮቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የአንዱ 15 ኢንች የሌላው 12፣ በአንድ ልክ ቢከፈቱ እንኳ አንዱ ይበልጣል፣ ድምፁ በመንገዱ ላይ ወደሚበልጠው ይጎተታል። እያንዳንዱ ለብቻው ተከፍቶ መሃል ላይ ተለክቶ መስተካከል አለበት። ለዚህ ግማሽ ቀን ይያዝልን።

የሄርማታው፦ ስስም ቢሆን ስልኩ አይታይም።

የቆጪዋ፦ ጋሼ ክብርህን ለመንካት አይደለም፣ አንተ እዚህ ከተማ ከማንም በፊት ነው የጀመርከው ሁሉም ያውቃል። ለሁላችንም ስልክ የሚወጣበት ባነር በር ላይ ቢሰቀልስ?

የሄርማታው፦ ባነሩ ይሁን። ስቲከሩም ይቆይ።

ገንዘብ ያዥ፦ ባነርም ጨርቅም አይቻልም፣ አንዱን።

የቆጪዋ፦ ባነር።

ሰብሳቢ፦ ጨርቅ ወጣ፣ ባነር ገባ። ኬብል፣ የሳውንድ ካርዱን ሞዴል ላክልን ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፍ።

ሰብሳቢ፦ ኬብል?

የአጂፕ ልጅ፦ ደወልኩለት አያነሳም፣ አጋሮ ሰርግ ይዟል አሉ። በእኔ ሚክሰር ሳብግሩፕ፣ ድምፅ ተሰብስቦ በሚወጣበት መስመር፣ እንሥራው፣ አራት አለው

ፌደር፦ ሳብግሩፑ አራት ነው ስምንት አይደለም። የ1-2ን ቁልፍ ስትጫን ፓኑ ከ1 ወደ 2 ይወስድሃል፣ 3-4ን ስትጫን ከ3 ወደ 4። ከ2 ወደ 3 የሚያሻግር የለም፣ ሁለቱንም ብትጫን ግራው 1ና 3 ላይ አብሮ ይወጣል። መዞር አይችልም ማለት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው አራት ስፒከር ይሁን፣ ጭነቱም ይቀንሳል።

ፌደር፦ አራት ሲሆን በየመካከላቸው 90 ዲግሪ ነው። ስቴሪዮ በደንብ የሚቆመው 60 አካባቢ ነው፣ ከዚያ ሲሰፋ መሃሉ ክፍት ይሆናል፣ በተለይ በጎን በኩል ያለው። እንከራከርበት አልልም ግን ዕወቁት።

የቆጪዋ፦ ሰው ቆሞ ነው የሚሰማው ወይስ እየዞረ?

ሰብሳቢ፦ እየዞረ ነው የተባለው።

የቆጪዋ፦ እንግዲያው ይሄ ሁሉ ፓን ለማን ነው? መሃል ላይ ለቆመው አንድ ሰው ነው። ወደ አንዱ ስፒከር ቀርቦ ከሌላው 3 ሜትር ያህል የራቀ ሰው የቅርቡን 9 ሚሊሰከንድ ቀድሞ ይሰማል፣ ጆሮ ደግሞ ቀድሞ የደረሰውን ነው የሚከተለው፣ በሁለቱ መሃል ያስቀመጥከው ድምፅ ለእሱ ቅርቡ ስፒከር ላይ ተለጥፏል። ለሚዞር ሰው ውቀጣው አንዱ ስፒከር ላይ፣ ቡናው ሲቆላ የሚንጣጣው ሌላው ላይ፣ ዝናቡ በሁሉም ላይ ቢሆን የትም ቢቆም ትክክል ይሰማል። እኔ የምለው ይሄን ነው።

ፌደር፦ ልክ ነሽ እቴ፣ ግን እንዲህ ከሆነ ይዞራል የተባለው ቀረ። ከመጀመሪያው እኮ ድምፁ ሰውን ይከባል ብለን ነበር ኮሚቴውን ያናገርነው።

ሰብሳቢ፦ አሁን ያለው እንዲህ ነው፦ አራት ስፒከር በአራቱ ማዕዘን፣ ድምፅ በየቦታው፣ ስቲከር ይቆያል፣ ባነር በር ላይ፣ ክፍያው እኩል ለአራት።

የሄርማታው፦ አራቱ የማን የማን ናቸው?

ገንዘብ ያዥ፦ ለአራት ከተካፈለ ሌሎቻችንስ? ለማህበሩ የሚቀረው ይጻፍ።

የአጂፕ ልጅ፦ እኔ ሚክሰር ነው የማመጣው፣ እኔም ድርሻ አለኝ

ፌደር፦ የማንም ይሁኑ፣ አንድ ነገር ተጻፈ እንዲባል እለምናችኋለሁ። ሳይከፈት በፊት የሁሉም ስፒከር ሽቦ ፕላስና ማይነስ ይፈተሽ፣ የአንዱ ከተገለበጠ ዝናቡ በአራቱም ሲከፈት ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል፣ ሰውም ቆርቆሮው የራቀ ነው የሚመስለው። ሁለት ሁለቱን አጠጋግቶ አንድ ሰው በማይክ ቢያወራ ይታወቃል፣ ድምፁ ከመሃላቸው ካልወጣና ቀጥኖ ከተበተነ አንዱ ተገልብጧል። ሐሙስ ከሰዓት እኔ እገኛለሁ፣ አንድ ሰው ብቻ ይምጣልኝ።

ሰብሳቢ፦ ተጽፏል። ሐሙስ ማን ይሄዳል?

የቆጪዋ፦ እኔ እስከ 10 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፣ ከዚያ በኋላ ካለህ እመጣለሁ።