«ማንም አፉን ያልፈታበት ቋንቋ፣ ቋንቋ አይባልም»?

የጉለሌዋ፦
ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ወሬው ስለ ምናባዊ ልቦለድ ነው። አዘጋጁ እንግዳውን ደራሲው ቶልኪን ለልቦለዶቹ ስለፈጠራቸው ቋንቋዎች ጠየቀው። እንግዳው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ማንም አፉን ያልፈታበት ቋንቋ፣ ቋንቋ አይባልም። ጌጥ ነው።» አዘጋጁም «ትክክል» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ገባ። ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ደሜ ፈልቶ ነው የደረስኩት።

ቶልኪን እኮ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ነበር። እንጀራው የድሮ እንግሊዝኛ ነው። ክዌንያ ለተባለው ቋንቋው መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት የጀመረው በ1915 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)። «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ልቦለዱ የታተመው በ1954 እና በ1955 ነው። ቋንቋው መጽሐፉን ወደ አርባ ዓመት ይቀድመዋል። ራሱም ታሪኮቹን የሠራሁት ቋንቋዎቹ የሚኖሩበት ዓለም እንዲያገኙ ነው ብሏል። ታዲያ ጌጡ የቱ ነው? ቋንቋው ወይስ ታሪኩ?

ክዌንያ የፊንላንድኛ ለዛ አለው። ሌላው ቋንቋው ሲንዳሪን ደግሞ የዌልስኛ። ሁለቱን ከአንድ አያት ነው ያወረዳቸው። ዛፍ በክዌንያ «አልዳ» ነው፣ በሲንዳሪን «ጋላድ»፣ አያታቸው «ጋላዳ»። አንዱ ጋ የፊቱ «ገ» ወደቀ፣ ሌላው ጋ የኋላው አናባቢ ወደቀ። እንዲህ እያለ በሺህ የሚቆጠር ቃል አሳድጓል። ይሄን ጌጥ የሚል ሰው መጽሐፉን አልከፈተውም።

የአራት ኪሎው፦
ልጄ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን እንግዳው አልተሳሳተም። ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ቋንቋ ጠረጴዛ ላይ አይወለድም። ሰው ሲገበያይ፣ ሲጣላ፣ ሲታረቅ ነው የሚወለደው። «አልዳ» ያማረ ቃል ነው። ግን «አልዳ» ቆርጦ ማገዶ የሸጠ ሰው የለም። ቶልኪን እስከሞተበት እስከ 1973 ድረስ ሰዋስውን ሲቀያይር ነው የኖረው። ዛሬ በክዌንያ የሚጽፉ ወዳጆቹ የጎደለውን ከራሳቸው ነው የሚሞሉት። ያላለቀ ቤት ውስጥ አይገባም።

የጉለሌዋ፦
ጋሼ፣ ያለቀው ቋንቋ የቱ ነው? አማርኛ አልቋል?

ፊደል ቆጣሪ፦
እኔን የያዘኝ «አፉን ያልፈታበት» የምትለዋ ናት። ግዕዝስ? ዛሬ በግዕዝ አፉን የሚፈታ ሕፃን የለም። ቅዳሴው ግን በግዕዝ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ትናንት ያልነበረ ቅኔ በግዕዝ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቀርባል፣ ይታረማል፣ ይመለሳል። ጋሼ፣ እርስዎም ይህን ያውቃሉ። በዚህ መለኪያ ግዕዝንም ጌጥ ልንለው ነው?

የአራት ኪሎው፦
ወንድሜ፣ ቃሉን በደንብ አንብበው። «ያልፈታበት» ነው የተባለው። «የማይፈታበት» አልተባለም። በግዕዝ አፍ ተፈቷል። አክሱም ላይ እናት ልጇን በግዕዝ ተቆጥታለች፣ በግዕዝ አባብላለች። አሁን አለመነገሩ ሌላ ነገር ነው። ክዌንያ ግን ትናንትም የለም፣ ዛሬም የለም።

ፊደል ቆጣሪ፦
እሺ፣ «ያልፈታበት» ይሁን። ኤስፔራንቶን እንውሰድ። ዛመንሆፍ የሚባል የዓይን ሐኪም ፈጥሮ በ1887 ዋርሶ ላይ አሳተመው። ያን ቀን በዓለም ላይ አንድም ሰው አፉን አልፈታበትም። ዛሬ ከእናት ከአባታቸው የለመዱት ልጆች አሉ። ታዲያ በ1887 ቋንቋ አልነበረም፣ አንድ ሕፃን «እማማ» ያለ ቀን ቋንቋ ሆነ? ሰዋስው ያው፣ ቃሉ ያው። ምን ተለወጠ?

የአራት ኪሎው፦
ሕፃኑ ተለወጠ። ቋንቋው ሕፃን አገኘ። ለኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሐሙስ ማታ፦
ሕፃን ካላችሁ ክሊንጎን የተባለው የፊልም ቋንቋም አግኝቷል። ማርክ ኦክራንድ የሚባል የቋንቋ ምሁር ነው ለ«ስታር ትሬክ» የሠራው። በ1984 ሦስተኛው ፊልም ወጣ፣ በ1985 መዝገበ ቃላቱ ታተመ። ዓረፍተ ነገሩ ከተሳቢ ይጀምራል፣ ግሡ መሃል ይገባል፣ ባለቤቱ መጨረሻ ይመጣል። «እንጀራ በላ አበበ» እንደማለት። አንድ አሜሪካዊ አባት ለልጁ እስከ ሦስት ዓመቱ ድረስ በክሊንጎን ብቻ አወራው። እናቱ በእንግሊዝኛ። ልጁ ይሰማ ነበር፣ ይመልስም ነበር። በኋላ ግን ተወው።

የአራት ኪሎው፦
ይኸው! ልጁ ፈረደ። ከሕፃን በላይ ዳኛ የለም። ጥሎት ወደ እናቱ ቋንቋ ሄደ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ፣ በማክበር ነው የምናገረው፣ ግን ይሄ ነገር ልቤን ነካኝ። ልጅ መተዉ ፍርድ ከሆነ የኔ ልጅም ፈርዳለች። በአማርኛ ነበር አፏን የፈታችው። «ውኃ» ነበር የመጀመሪያ ቃሏ። መዋዕለ ሕፃናት ገባች፣ በስድስት ወር እንግሊዝኛ ብቻ ሆነች። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። አሁን 15 ዓመቷ ነው። ታዲያ አማርኛ ተፈርዶበታል? ልጅ የሚተወው ውጭ የሚያወራው ሰው ስላጣ ነው። ቋንቋው ቋንቋ ስላልሆነ አይደለም።

የአራት ኪሎው፦
እህቴ፣ ይቅርታ። አንቺን አላሰብኩም። «ፈረደ» ያልኩት ከብዷል፣ እመልሰዋለሁ። ሌላውን ግን አልመልስም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ምንም አይደል። ከተነሳ ግን ሌላም አለኝ። ቅዳሜ ቁሌት እያቁላላሁ ነው። ልጄ ማዶ ጠረጴዛው ላይ ስልኳን ይዛ ቃል ትደጋግማለች። ምንድን ነው ስላት «ሃይ ቫሊሪያን» አለችኝ። የዘንዶዎቹ ተከታታይ ፊልም ላይ ያለው። ዴቪድ ፒተርሰን የሚባል ሰው ነው የሠራው። አራት ጾታ አለው አለችኝ፤ የጨረቃ፣ የፀሐይ፣ የምድር፣ የውኃ። እርባታውን ወረደችው፣ አንድም ሳትሳሳት። ከዚያ «ድስቱ እንዳያር አማስይልኝ» አልኳት። «ማማሰል» ምን እንደሆነ አላወቀችም። የምትማርበት መተግበሪያ ላይ አማርኛ ፈለግኩ። የለም። ክሊንጎን አለ፣ የዘንዶ ጋላቢዎቹ ቋንቋ አለ፣ አማርኛ የለም። በዚህ የማይናደድ አለ?

የጉለሌዋ፦
እኔም እናደዳለሁ። ግን ጥፋቱ የቫሊሪያን አይደለም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለሠራው ነው እዚያ የገባው። ለአማርኛም ቁጭ ብሎ የሚሠራ ያስፈልጋል። ልጅሽ አራት ጾታ በቃሏ ከያዘች ሁለት ጾታ አያቅታትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አያቅታትም። የሚያስፈልጋት ፍቅሩ ነው። ለዚያ ቋንቋ ያላት ፍቅር ለኛ እንዲደርስ ነው የምመኘው።

ብርሌ፦
ሁላችሁም የፈጠራ ቋንቋ ላይ ስትጣሉ ትልቁን ነገር አለፋችሁት። በ1983 የወጣው «ስታር ዋርስ» ላይ ላንዶ ከሚባለው አብራሪ አጠገብ የጠፈር መርከቡን የሚነዳ ትልቅ ጆሮ ፍጡር አለ። ድምፁ የኬንያዊ ተማሪ ድምፅ ነው። የሚናገረው እውነተኛ የአፍሪካ ቋንቋ ነው። ኬንያ ውስጥ ሰው ሲሰማው ገባው፣ ደስ አለው። ሌላው ዓለም ግን የሌላ ፕላኔት ጫጫታ አድርጎ ሰማው። አፍ የተፈታበት ቋንቋ እኮ ነው! «ጌጥ» መባል ያለበት ይሄ ነው። ከዚህ ይልቅ ሰው ቁጭ ብሎ አዲስ ቢፈጥር እመርጣለሁ።

የጉለሌዋ፦
በዚህ ካንተ ጋር ነኝ።

ብርሌ፦
ቆይ፣ አልጨረስኩም። «ዱን» የተባለው ልቦለድ በ1965 ሲታተም የበረሃው ሕዝብ ቃል በአብዛኛው ከዓረብኛ ነው። «ማህዲ» አለ፣ «ሊሳን አል ጋይብ» አለ፣ «ጂሃድ» አለ። አዲሶቹ ፊልሞች ሲሠሩ ያው ፒተርሰን አዲስ ቋንቋ ሠራ። «ጂሃድ» የሚለው ቀርቶ «ቅዱስ ጦርነት» ሆነ። አሸዋው ቀረ፣ መሸፈኛው ቀረ፣ ዓረብኛው በአብዛኛው ተጠረገ። እዚህ ላይ ፈጠራው መጥረጊያ ሆኗል።

የጉለሌዋ፦
እዚህ ላይ እንለያያለን። ፒተርሰን ምክንያት ሰጥቷል። ታሪኩ ከዛሬ ብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ዓረብኛ እንደዛሬው ሊቆይ አይችልም። የሺህ ዓመት ጽሑፍ እንኳ ስናነብ ምን ያህል እንደምንቸገር እናውቃለን።

ብርሌ፦
እሺ። ታዲያ ዋናው ሰው ለምን «ፖል» ተባለ? እናቱስ ለምን «ጄሲካ»? የእንግሊዝኛ ስም ያን ሁሉ ሺህ ዓመት ሳይነካ ተሻገረ፣ ዓረብኛ ብቻ አረጀ?

የጉለሌዋ፦
ስሞቹን የመረጠው ደራሲው ነው እንጂ ቋንቋ ሠሪው አይደለም።

ብርሌ፦
«ማህዲ»ንም የመረጠው ደራሲው ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ብርሌ በዚህ አሸንፏል። ግን ወደ «ጌጥ» ልመልሳችሁ። ኦርዌል በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ መንግሥት የሚሠራው ቋንቋ አለ። መዝገበ ቃላቱ በየዓመቱ ይሳሳል። «መጥፎ» የሚለው ይጠፋና «ያልጥሩ» ይባላል። ዓላማው ሰው ማመፅን የሚያስብበት ቃል እንዲያጣ ነው። ቋንቋውን ከመጽሐፉ አውጡት፣ ፍርሃቱ አብሮ ይወጣል። ጌጥ ቢወልቅ ልብሱ ይቆማል። ይሄ ግን ልብሱ ራሱ ነው።

የአራት ኪሎው፦
ይሄ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ኦርዌል ስንት ቃል ፈጠረ? ጥቂት። አናባቢ እንዴት እንደወደቀ አልተነተነም። ጥቂት ቃል ጻፈ፣ አንባቢው ቀሪውን በፍርሃት ሞላው። ልቦለድ የሚፈልገው ይህን ያህል ነው። ሺህ ቃል የደራሲው የግል ፍቅር ነው፣ አንባቢውን አይመለከትም።

የጉለሌዋ፦
ይመለከተዋል! እኔ ክዌንያ አልችልም። ግን የቦታ ስም ሳነብ ከጀርባው አያት ቅድመ አያት እንዳለው ይሰማኛል። አንኮበር ስንል ከስሙ ጀርባ ሰው እንዳለ እንደሚሰማን። ዝም ብሎ ፊደል ደርድሮ ስም ያወጣ ደራሲ ጋ ይሄ አይሰማኝም። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ደግሞ እኛስ? በልጅነታችን ሰፈር ውስጥ የወፍ ቋንቋ አልተናገርንም? «ሰላም» ለማለት «ሰዘላዛም» እንል ነበር። ታላቅ እህቴ እንዳትሰማ ነበር ሁሉን የምናወራው። የአዝማሪዎች ቋንቋ አለ፣ ተመልካቹ ሳይገባው እርስ በርስ የሚነጋገሩበት። ዛር የወረደበት ሰው የሚናገርበትም አለ። ቋንቋ መፍጠር የፈረንጅ ሥራ ፈትነት አይደለም።

የአራት ኪሎው፦
የወፍ ቋንቋ ልብስ የቀየረ አማርኛ ነው። «ዘ»ዋን ስታወጪ አማርኛው ቁጭ ብሎ ይገኛል። አዝማሪው ግን እሺ፣ አዝማሪውን እቀበላለሁ። ምክንያቱም የሚበላበት ነው።

ሐሙስ ማታ፦
እኔ አንድ ነገር ልጨምር። «አቫታር» በ2009 ሲወጣ ናቪ የተባሉትን የፊልሙን ፍጡራን ቋንቋ የሠራው ፖል ፍሮመር ነው። ለእንግሊዝኛ ጆሮ እንግዳ የሆኑ፣ ተዋናዩ ግን ሊላቸው የሚችል ድምፆች ፈለገ። ሦስቱን ታውቋቸዋላችሁ። «ጰ»፣ «ጠ»፣ «ቀ»። በላቲን «ፒ»፣ «ቲ»፣ «ኬ» ላይ «ኤክስ» እየጨመሩ ነው የሚጽፏቸው። ከውጭ ሰዎች ጋር በኢንተርኔት ስንለማመድ አንዱ ጉሮሮውን ይይዛል፣ አንዱ ያስላል። እኔ አንድ ጊዜ «ጦን» አልኩ፣ ሁሉም ዝም አለ። «ጦን» ሌሊት ማለት ነው። «የት ተማርክ?» አሉኝ። «ጠጅ» ከሚል ሕዝብ ነው የመጣሁት አልኳቸው።

የአራት ኪሎው፦
ይሄ የሚያስደስት ነው ብለህ ነው? የኔ የአያቴ ድምፅ፣ ጭራ ያለው ሰማያዊ ፍጡር አፍ ውስጥ ገብቶ «እንግዳ» ሲባል?

ፊደል ቆጣሪ፦
«እንግዳ» ለማን? እኔም ይሄ ነው የሚቆጠቁጠኝ። እንግዳነት የሚለካው ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ጆሮ ነው።

ሐሙስ ማታ፦
እኔ ግን ኮርቻለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ «ጠ» መቻል ጥቅም ሆነ። ናቪዎቹም በዚያ ታሪክ ውስጥ ተበዳዮቹ ናቸው፣ አገራቸውን የሚከላከሉት። በዚያ አፍ መነገሩ አላሳፈረኝም።

ብርሌ፦
ሐሙስ፣ ያንን ኬንያዊም ያኮራው ይሆናል። ጥያቄው ማን አተረፈበት ነው።

ሐሙስ ማታ፦
ትርፍ ካነሳህ ክሊንጎንን በተመለከተ ክስ ነበር። የፊልሙ ባለመብቶች በ2016 ቋንቋውም የኛ ንብረት ነው ብለው ተከራከሩ። ቋንቋ ፈጣሪዎች ማኅበር ደግሞ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ባለቤት የለውም ብሎ ለፍርድ ቤቱ ጻፈ። በ2017 በስምምነት አለቀ። ፍርድ ቤቱ በቋንቋው ላይ አልወሰነም።

የጉለሌዋ፦
ይኸው ጋሼ! ጌጥ ቢሆን ኖሮ ተናጋሪ አለው ተብሎ አይሟገቱለትም ነበር።

የአራት ኪሎው፦
ለጌጥም ሰው ይካሰሳል ልጄ። ወርቅ ቤት ጠይቂ። እኔ ያልኩት ያው ነው፣ «ያልፈታበት»።

ይልቅ ሐሙስ፣ «ጦን» ሌሊት ከሆነ ቀን ምን ይባላል?

ሐሙስ ማታ፦
«ትር»። «ር» ትጠብቃለች፣ ትንቀጠቀጣለች። አናባቢ የለም። «ር» ራሷ ናት አናባቢ የሆነችው።

የአራት ኪሎው፦
አናባቢማ አለ። ሳድስ ነው። «ትር» ስትል ከ«ት» በኋላ ትንሽ ትሰማለች።

ፊደል ቆጣሪ፦
አይደለም ጋሼ። እርስዎ በአማርኛ ጆሮ ስለሰሙት ነው ሳድሷን ያስገቡት። እንደገና ይበሉት፣ ምላስዎን ሳያነሱ።

የአራት ኪሎው፦
አምስት ጊዜ አልኩት። ሳድስ አለ።